ሁለት ባትሪ ይዘን ሽምግልና ሄድን

ያልገባኝን ነገር «ገባኝ» የማለት ልማድ አለብኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ገባኝ እላለሁ፤ የቀበሌው ሰው ሲያስረዳኝ ገባኝ እላለሁ፤ ባለቤቴ አስካለ ስትቆጣኝማ ገና ሳትጨርስ ገብቶኛል። ሰው ለእኔ ብሎ ደክሞ ሲያስረዳ ቆይቶ «አልገባኝም» ብሎ ማሳፈር ጭካኔ ይመስለኛል። በዚህ ሁኔታ ጡረታ ድረስ መጥቻለሁ። ያን ባትሪ ባላስገባ ኖሮ እስከ መቃብሬ የሚነቃብኝ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው በዳማ ነው። ዳማ የመኪናዬ ስም ነው፤ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ስለሆነ። መሥሪያ ቤቴ «አገልግሎቷን ጨርሳለች» ብሎ ሲያወጣት እኔም አገልግሎቴን ጨርሼ ልወጣ ነበርና ተያይዘን ወጣን። አሮጌ የመስክ ጂፕ ነች። ጭቃ አትፈራም፣ ዳገት አትፈራም፤ የዳሪሙ ወረዳን የገጠር መንገድ እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። አንድ ነገር ብቻ አትወድም፤ መቆም። ሞተሯ አንዴ ከጠፋ፣ ቁልፍ ሲዞርላት «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ስለዚህ የትም ስሄድ ቁልቁለት ላይ አቆማታለሁ፤ ፍሬኗን ስለቅላት ተንከባላ ትነሳለች። ቤቴ ቁልቁለት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጥሩ ቁልቁለት አለ። ገበያው ጋም አይጠፋም። ወዳጅ እንኳ የምጠይቀው እንደ ደጁ አቀማመጥ ሆነ። ሜዳ ላይ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ታሞ ሳልጠይቀው ዳነ፤ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል።

የኦቦ ተሬሳ ግቢ ሜዳ ነው። መከራዬ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ኦቦ ተሬሳ ከእኛ ከተማ ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ የሚኖሩ ባለ ቡና፣ ባለ ቀፎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ ልጅ ናቸው። ልጃቸው ሌንሴ ትባላለች። የሟች እህቴ ልጅ ለሚ ቡሬ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ፣ ተማሪዎቹን ሲያስተምር እሱ ደግሞ ሌንሴን ሲያጠና ከረመና አንድ ቀን መቱ መጥቶ «አጎቴ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» አለኝ። ለሚን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቱ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ እሱን ብቻ ነው። ያኔም «ገባኝ» ብያታለሁ፤ ይቺኛዋ ግን እውነትም ገብታኝ ነበር።

ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ጓደኛዬ ኦቦ ገመቹ ነው። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ሲናገር ሰው ጉዳዩን ረስቶ እሱን ያዳምጣል። ሌላው ጋሽ ይመር ነው፤ ድሮ ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ከእኛ እኩል እዚሁ ያረጀ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ለሽምግልና አንድ ዝምተኛ ያስፈልጋል፤ ነገሩን ያከብደዋል። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ ይቆማል። «ተቀመጡ፣ ቅመሱ» ቢባል እሺታውን ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። መልስ ካልተሰጠው ቀጠሮውን ተቀብሎ፣ ሳሩን እንደያዘ ይመለሳል። አባቶቻችን ይህን ሁሉ አስተካክለው ነግረውናል። ሽማግሌው መመለስ ቢያቅተው ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገሩንም።

እኛን አቃተን። ኦቦ ተሬሳ «ዘመድ ልጠይቅበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ» አሉን። ምስጋና አቅርበን ወጣን። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። ዝናቡ ወረደ። መልስ ስላልተሰጠን ቤት ገብተን መጠለል አንችልም፤ መኪናዋ ስላልተነሳች መሄድም አንችልም። ሦስታችን ሳር ይዘን ዝናብ ውስጥ ቆምን። በመጨረሻ ኦቦ ተሬሳ ኮታቸውን አወለቁ፤ ልጆቻቸውን ጠርተው ዳማን እስከ ዋናው መንገድ ገፉልን፤ እዚያ ተነሳች። እሳቸው ንጹህ በሆነው በኩል ሳይሆን፣ ጎማው ጭቃ በሚረጭበት በኩል ነበሩ።

ፊታቸውን ጠርገው ወደ መስኮቴ መጡ።

«ልጅ ልትጠይቁ መጥታችሁ ጉልበት ጠየቃችሁን» አሉ። «በቀጠሯችሁ ኑ። ግን እቺን መኪና ሁለተኛ የምታስገፉኝ ከሆነ ልጄን አልሰጥም። ራሱን ችሎ ከደጄ መነሳት ለማይችል ቤተሰብ ልጅ አይሰጥም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መቱ ገብቶ ጠበቀን። ለሚ ፊቱ አመድ ሆኖ መጣ። «አጎቴ፣ በሚኒባስ ይሂዱ፤ እባክዎ» አለኝ።

«በሚኒባስ ከሄድን ‹መኪናቸው ሞተች› ይላሉ» አልኩት።

«ሞታለች እኮ!»

አስካለ ከጓዳ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «የምትድረው ልጁን ነው ወይስ መኪናህን?»

ተነስቼ ነጂብ ጋ ሄድኩ።

ነጂብ መቱ ውስጥ እጁ የተመሰከረለት መካኒክ ነው። ጣጣው ስልክ መግዛቱ ነው። ድሮ መኪና ሲበላሽ ከሥሯ ይገባ ነበር፤ አሁን ስልኩ ውስጥ ይገባል። ዳማን ዞር ብሎ ሳያያት ስልኩን አወጣና አንድ ፈረንጅ አሳየኝ። ፈረንጁ በረሃ ላይ አሮጌ ጂፑን አቁሞ ሁለተኛ ባትሪ ይገጥማል።

«አዩ ጋሼ? መፍትሔው ይሄ ነው። አንደኛው ቢደክም ሁለተኛው ያስነሳታል።»

«እሱ ምን ቸግሮት ነው ሁለት የሚያስገባው?»

«ፍሪጅ ሊያሠራበት። ቢራውን ሊያቀዘቅዝ።»

«እኔ ፍሪጅ የለኝም።»

«እርስዎ የልጁን አማት ነው የሚያቀዘቅዙበት» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭ ከቦዲ፣ መሐል ላይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሞተር ሲነሳ ይሄኛው ያንን ይሞላዋል፣ ሲጠፋ ያኛው ከዚህኛው ይለያል…

«ገባኝ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር የትኛው የትኛውን እንደሚሞላ ሳይገባኝ ነው የወጣሁት። ተመልሼ ነጂብን መጠየቅ ነውር መሰለኝና ሽማግሌዎቼን ጠየቅሁ። ጋሽ ይመር አሰብ አድርጎ፣ «ራዲዮ ውስጥ እንደሚገባው ባትሪ ድንጋይ ነዋ፤ የአንዱን ራስ ከሌላው ግርጌ» አለ። ይህ ነጂብ ከተናገረው ጋር ይጋጭ አይጋጭ አላወቅሁም። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ጭራሽ ተቃወመ።

«አንድ ብርቱና አንድ ደካማ ባትሪ አንድ ላይ ካሰርክ፣ ብርቱው ደካማውን ሲያስታምም አብሮት ይወድቃል። ስንት ትዳር ስሸመግል ያየሁት ነው።»

«እሱም ገባኝ» አልኩት።

ነጂብ ባትሪውን ይዞ ቤቴ መጣ። ሞተሩ ጋ ቦታ ፈለገ፤ የለም። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ሥር አግኝቶለት፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍንጎ አሰረው። ሽቦውን በወለሉ ሥር ወደ ፊት እየሳበ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ኦቦ ተሬሳ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም አስባለሁ። እሱ ያወራል፣ እኔ ገባኝ እላለሁ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ባትሪውን ልየው ብዬ ክዳኖቹን ከፈትኩ። ውስጡ ሙሉ አይደለም። ጎዶሎ ነገር ማየት አልወድም። ነጂብ ጥሎት የሄደው የባትሪ አሲድ ነበርና እስከ አፍ ገደፉ ሞላሁት። ክዳኖቹንም በጣቴ ዞር ዞር አድርጌ መለስኳቸው።

በቀጠሮው ቀን በማለዳ ዳማ ደጄ ካለው ቁልቁለት ላይ ግሩም ሆና ተነሳች። ሁልጊዜም ከዚያ ቁልቁለት ላይ ግሩም ሆና ነው የምትነሳው። እኔ ግን ባትሪውን አመሰገንኩ። ጋሽ ይመር ወገቡን ስለሚያመው ከፊት ተቀመጠ። ኦቦ ገመቹ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከኋላ፣ ባትሪው ከሥሩ ባለው ወንበር ላይ ተሰየመ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ የማታውቁትም ቢሆን ገምቱት። እየነጠርን ሄድን።

ጥቂት እንደተጓዝን ኦቦ ገመቹ፣ «ይሄ ወንበርህ ይሞቃል እንዴ?» አለኝ።

«ሁለተኛው ባትሪ ነው» አልኩ በኩራት።

«ሙቀት ይሰጣል?»

«ይሰጣል። ፈረንጅ ማቀዝቀዣ ነው የሠራበት፤ እኛ ማሞቂያ አደረግነው።»

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው» አለ፤ ለወገቡም ተስማማው። ቡሬ ልንገባ ስንል ግን፣ «አሁንስ ቆጠቆጠኝ» አለ።

«መንገዱ ነው» አልኩት።

ደረስን። ዳማን ግቢው መሐል፣ ሁሉም በሚያየኝ ቦታ፣ ሜዳው ላይ አቆምኩና ሞተሯን አጠፋሁ። ሁለት ባትሪ ያለው ሰው ምን ያስፈራዋል? ሳራችንን ይዘን ገብተን ቆምን። ኦቦ ተሬሳና ዘመዶቻቸው ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ኦቦ ገመቹ ጉሮሮውን ጠራርጎ ምርቃቱን ጀመረ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እየተናገረም ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ይዛወራል። ስሜቱ ነው ብዬ እኔም ተነካሁ።

የእኔ ስልክ ጮኸ።

ሽማግሌ በቆመበት ስልክ መጮኹ ነውር ነው። ላጠፋው ስታገል ጭራሽ ተከፈተና የነጂብ ድምፅ ወጣ። ኦቦ ተሬሳ ኮስተር ብለው፣ «አንሱት፤ የቸኮለ ሰው ይሆናል» አሉ። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ጋሼ፣ ባትሪው ላይ ሰው እንዳያስቀምጡ ያልኩዎትን አስታወሱ አይደል? አሲዱ ከፈሰሰ ጨርቅ ይበላል። ደግሞ ሽቦው ገና አልተገናኘም፤ እንደነገርኩዎት ማብሪያው ከጅማ ሲመጣ ነው የማገናኘው። እስከዚያ ከቁልቁለት እንዳይለዩ።»

«ገባኝ» አልኩት። ወዮ፣ ያን ቀን እንዴት አድርጎ እንደገባኝ!

ቀስ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና የኦቦ ገመቹን ጀርባ አየሁ። ጋቢው ወንፊት ሆኗል። ሱሪው በኋላ በኩል ከወገቡ በታች የለም። በቦታው ለማለዳው ብርድ ብሎ ከሥር የለበሰው ባለ መስመር ፒጃማ ይታያል፤ እሱም መስመሮቹ እየተበጠሱ ነው። እሱ ግን ምንም ሳያውቅ ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች ክብር ይናገራል።

ምን ላድርግ? ሄጄ ከኋላው ተለጥፌ ቆምኩ። ጋሽ ይመር አየኝ። ያላወቀው ሥርዓት የመጣ መሰለውና እሱም ዝም ብሎ መጥቶ ከእኔ ኋላ ቆመ። እንደ ስኳር ወረፋ ተሰለፍን።

ኦቦ ተሬሳ፣ «ምነው ተሰለፋችሁ?» አሉ።

«አፈ ጉባኤያችንን ለማክበር ነው» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዘመዶቻቸው ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኦቦ ተሬሳ ተነስተው ቆሙና ያ ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳን ነገር ከአፋቸው ወጣ።

«ልጃችሁን ጠይቀን አጣርተናል። ደግ ልጅ ነው። ሌንሴን ሰጥተናል። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ኦቦ ገመቹ በደስታ ወገቡን ወደ አግዳሚው ሊሰብር ሲል ክንዱን ያዝኩት። በጆሮው፣ «አትቀመጥ። እንዳትዞርም» አልኩት።

«ማል? ምን ሆነሃል?»

«ከኋላህ ክፍት ነህ።»

በእጁ ዳበሰና ደረሰበት። ፊቱ ሲለዋወጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያ ሰው ግን ለምላሱ ቸግሮት አያውቅም።

«ኦቦ ተሬሳ፣ አክብራችሁናል» አለ። «ነገር ግን የሠርጉን ጊዜ ሳንሰማ አንቀመጥም።»

ቤቱ አጉረመረመ። የሠርግ ቀን ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ምልልስ የሚጠይቅ ነገር ነው። ኦቦ ተሬሳ ግራ ተጋብተው ዘመዶቻቸውን አዩ። «እንግዲህ… ቡና እንደተለቀመ ይሁን» አሉ። «ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አለ ኦቦ ገመቹ። ላብ አጥምቆታል። «የእናቲቱን ምርቃት ካልሰማን ምን ብለን እንቀመጣለን?»

አንዱ ዘመድ፣ «እነዚህ ሰዎች ዛሬ ቤቱን ካልወሰድን አንቀመጥም ሊሉ ነው» አለ። ጋሽ ይመር ከኋላዬ፣ «እኔ ግን ልቀመጥ?» ብሎ ሹክ አለኝ። በክርኔ መለስኩት።

የሌንሴ እናት፣ አዴ ዲንቄ፣ ከጓዳው በር ብቅ አሉ። ያ በር ያለው ከኋላችን መሆኑ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በክንዳቸው ላይ የታጠፈ አዲስ ቡሉኮ ይዘዋል። ምንም ሳይሉ መጡና ያንን ወፍራም ልብስ ኦቦ ገመቹ ትከሻ ላይ ጣሉት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሸፈነው።

«ከገባችሁ ጀምሮ እያየኋችሁ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለእኛ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ለልጄ እስከ ምን ድረስ እንደምትቆሙ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ልብሱ እላዩ ላይ እስኪያልቅ የቆመ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። በወጉ ቡሉኮ እናንተ ነበራችሁ ለእኔ የምታመጡት፤ ለሠርጉ ስትመጡ ሁለት ይዛችሁ ትመጣላችሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መረቁን፤ ኦቦ ገመቹንም ውሃ ቀድተው እንዲታጠብ ወደ ጓሮ ላኩት። ሲመለስ እንደ ባላባት በቡሉኮው ተጠቅልሎ ነበር። ተቀመጠ። ጋሽ ይመርም እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ሳራችንን አስረከብን።

ጨጨብሳ በማርና በቅቤ መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእኔ ቀድሞ እጁን የሚታጠብ አይኖርም። አሁን ግን በመስኮቱ ዳማ ትታየኛለች፤ ሜዳው መሐል ቆማለች። ሽቦው አልተገናኘም። «ሁለተኛ የምታስገፉኝ ከሆነ አልሰጥም» ያሉት ሰው አጠገቤ ማር እያቀረቡልኝ ነው። የተሰጠ ልጅ ይነጠቃል ወይስ አይነጠቅም? እሱንም አባቶቻችን አልነገሩንም። ሌላው ሁሉ እየበላ ሳለ ድምፅ ሳላሰማ ላስነሳት ብዬ «መጣሁ» አልኩና ወጣሁ።

ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ።

ለመንኳት። ጠቅ። ወርጄ ብቻዬን ከኋላ ልገፋት ሞከርኩ፤ እኔ ነኝ ወደ ኋላ የሄድኩት። ቀና ስል ኦቦ ተሬሳ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩኛል።

የለሚ ፊት፣ የእናቱ እጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «ኦቦ ተሬሳ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የመኪናዋም የልጁም አይደለም። ሰው ሲያስረዳኝ አይገባኝም። ገባኝ እላለሁ እንጂ አይገባኝም።» ለሰው ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ኮታቸውን አወለቁ።

«ያኔ የእንግዳ መኪና ነበረች» አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ለዘመድማ ይገፋል። ግቡ።»

ልጆቻቸውን ጠሩ፤ ተረባርበው ገፉ። ዳማ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሳች! ቤቱ እልል አለ። ችግሩ አሁን ነው። ተነስታለች፤ ሜዳ ላይ ነን፤ ላቆማት አልችልም። ግቢውን አንድ ዙር ዞርኩ። ኦቦ ገመቹ ጉርሻውን እንደያዘ በመስኮት አየኝ። እጄን አውለበለብኩለት፤ እሱም አውለበለበልኝ፤ ጨዋታ መስሎታል። በበሩ ወጣሁ። ቁልቁለት ሳገኝ አቆማለሁ ብዬ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲመጣ ሞተሯ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መቱ ገባሁ፤ ብቻዬን፣ ጨጨብሳውን ሳልቀምስ።

ለሚ ደጄ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ ሲያይ ሮጦ መጣ። ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩ፤ ሞተሯን ግን አላጠፋሁም።

«አጎቴ… ሽማግሌዎቹስ?» አለኝ።

«ተቀምጠዋል» አልኩት።

ሳር ያልያዘ እጄን አየ። ከዚያ ገባው።